ሐኪምና ሕመምተኛ በቴሌፎን ሲገናኙ ምስክሩ ማን ነው?

ነጋዴ የዕቃውን ጥሩነት የሚያውቀው በሸጠበት ቀን ሳይሆን ገዢው ተመልሶ በመጣበት ወይም በቀረበት ቀን ነው። ከሩቅ ለሚሰጥ ሕክምናም ሚዛኑ ይኸው ነው።

ሐኪምን ከሩቅ ማማከር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች በሕንድ አገር፣ በሃይደራባድ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር በመገናኛ መሥመር ተያይዘው ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ8335 ነፃ የቴሌፎን ቍጥር የሕዝቡን ጥያቄ ተቀብሏል።

ይህን የመሰለ አገልግሎት ለሀብሩ ወረዳ ሕዝብ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባለሱቁ ለአጭር ምክር ሲሄድ የመኪና ሒሳብ ከመክፈሉም በላይ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል።

ይሁን እንጂ ስንት ሰው እንደ ደወለ መቍጠር ብቻ የሥራውን ፍሬ አያሳይም፤ ሕመምተኛው ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። ለዚህም ጤና ሚኒስቴር በጤና ጣቢያዎች ሥራ ላይ ያዋለው የማኅበረሰብ ነጥብ መስጫ ካርድ መልካም አርአያ ነው። ተገልጋዩ በ6 መለኪያዎች ፍርዱን ይሰጣል፤ ከእነርሱም የባለሙያው አክብሮት፣ የወረፋው ርዝመትና የመድኃኒት መገኘት ይቈጠራሉ። ለቴሌፎኑ ሕክምና ደግሞ የሚከተሉት ይጨመሩ፦ የሐኪሙ ቃል በሚገባ ተሰምቷልን? የታዘዘው መድኃኒት በመርሳ ተገኝቷልን? ከምክሩ በኋላ ወደ ወልድያ መጓዙ ቀርቷልን?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው መሥመሩ የተገኘለት ሰው ብቻ ከሆነ ምስጋና እንጂ እውነት አይሰበሰብም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በወልድያና በአካባቢዋ ቴሌፎን ተቋርጦ እንደ ነበር አይዘነጋም፤ በእነዚያ ወራት የደወለ መጥፋቱ የታመመ አለመኖሩን አያሳይም። ስለዚህ ደውሎ ያጣውም፣ ቴሌፎን የሌለውም በቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ይጠየቅ።

ነጋዴውም ድርሻ አለው። መድኃኒት መታጣቱን አስቀድሞ የሚያውቀው ባለመድኃኒት ቤቱ ነው። የታጣውን በመዝገብ ጽፎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ሐኪሙ የሚገኘውን ያዝዛል፣ አስመጪውም የጐደለውን ያውቃል። ቅሬታውን ተናግሮ ለውጥ ያላየ ሕመምተኛ ግን፣ እንደ ተከፋ ደንበኛ፣ ሁለተኛ አይናገርም።