ቱቲ፦ ከካርቱም የምትቀድመው መንደር

ካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ስለ ከተማዋ ሲያወራ ዴምን ወይም ጅሬፍን ያነሳል፤ ወገን የሰፈረባቸው ናቸውና። ቱቲን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይህ ያስቆጫል። የካርቱም ታሪክ የሚነሳው ከዚህች ደሴት ነው፤ የደሴቷን መሬት ያለመለመውም ከእኛው ተራሮች ታጥቦ የወረደ አፈር ነው።

ቱቲ ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ ላይ ያለች፣ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ ደሴት ናት። በደቡብ ካርቱም፣ በምዕራብ ኦምዱርማን፣ ከዓባይ ማዶ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ባህሪ (ሰሜን ካርቱም) ከብበዋታል። ዓባይ በክረምት ደፍርሶ ይመጣና ዳርቻዋን ያለብሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ይቀራል። ገበሬው በዚህ ደለል ላይ አትክልትና የከብት መኖ ይዘራል፤ ከፍ ባለው መሬት ደግሞ ሎሚ ይተክላል። ቤቶቹ መሐል ላይ ተጠጋግተው የቆሙት፣ እርሻው በዙሪያቸው የተዘረጋው ከዚህ የተነሳ ነው።

መንደሯን የቆረቆሩት ከሰሜን፣ ከኑቢያ ወንዙን ተከትለው የመጡ የማሃስ ሰዎች ናቸው። በእርሻና በቁርዓን ትምህርት ይታወቁ ነበር። ትምህርቱ ከደሴቷ ተሻግሮ ሌሎች መንደሮችን ወለደ። ሼህ አርባብ አል አቃኢድ እ.ኤ.አ. በ1691 ወደ ደቡቡ ዳርቻ ተሻግረው ደቀ መዛሙርት ሰብስበው እንደሰፈሩ ይተረካል፤ ያ ሰፈራ ዛሬ ካርቱም በምንላት ከተማ መሬት ላይ ነው። የቱቲ ልጆች የሆኑት ሼህ ኾጃሊና ሼህ ሐመድ ደግሞ ወደ ባህሪ በኩል ተሻገሩ፤ ሂላት ኾጃሊና ሂላት ሐመድ የተባሉት ሰፈሮች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር መጥቶ ከቱቲ ትይዩ ሰፈረ። ከጦር ሰፈሩ ከተማ ወጣ፤ ከተማዋም የአገር መዲና ሆነች። ብዙ መጻሕፍት የካርቱምን ልደት የሚቆጥሩት ከዚህ ነው። እኔ ግን አልስማማም፤ ወታደሩ ሲደርስ ማዶ አርሶ የሚበላ፣ ልጆቹን የሚያስተምር መንደር ነበረ።

ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ቱቲ መንደርነቷን አልለቀቀችም። እ.ኤ.አ. በ1944 የእንግሊዝ አስተዳደር መሬቷን ሊወስድ ሲል ነዋሪው ተነስቶ ተቃወመ፤ በግጭቱም ሰው ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ትልቁ ጎርፍ መጣ። ወንዱም ሴቱም አፈር እየተሸከመ ዳርቻውን ገደበ፤ ያ ትግል በሱዳን ዘፈን ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከጎርፍ ጋር የሚኖሩበት ሥርዓት ‘ታያ’ ይባላል፦ በክረምት በዳርቻው ነጥብ በነጥብ ጠባቂዎች ይመደባሉ፤ ቀን ከሌት የውሃውን ከፍታ ይከታተላሉ፤ ግድቡ ሊሸረሸር ሲል ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓባይ የ1946ንም የ1988ንም ከፍታ ሲያልፍ ይኸው ልማድ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ።

ደሴቷን ከካርቱም ጋር ያገናኘው ተንጠልጣይ ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እስከዚያ ድረስ አትክልቱም፣ ተማሪውም፣ አስከሬኑም በጀልባ ነበር የሚሻገረው። ድልድዩ ኑሮን አቅልሏል፤ የእርሻው መሬት ለሕንፃ ይሰጣል የሚል ስጋትም ይዞ መጥቷል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል በተጀመረው ጦርነት ድልድዩ ደሴቷን መክበቢያ ሆነ። ፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች ደሴቷን ይዘው ነዋሪውን አስጨነቁ፤ አብዛኛው ሕዝብ ተሰደደ። የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 መልሶ ያዛት።

ካርቱምን መልሶ ለመገንባት የሚያቅዱ ሁሉ ቱቲን እንደ ባዶ ቦታ እንዳያዩዋት እንለምናለን። ያ ደለል የሚያምርበት ሲታረስ ነው፤ ነዋሪውም ወደ እርሻው ይመለስ።