ቡና ቀማሹ

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የቡ የማና ወረዳ ከተማ ናት። ቡና ሲደርስ በየግቢው ጀንፈል ተሰጥቶ ይታያል። ይህ ቡና ተፈልፍሎ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ግን ደረጃውን የሚወስን ባለሙያ አለ፤ ቡና ቀማሽ ይባላል። በቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የነበረው መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነበር። ቡና ቀማሹ የሚፈልገው ሌላ ነው።

ናሙናው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፤ ሸካራ ሆኖ ይፈጫል። በተለመደው አሠራር 8.25 ግራም ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ይፈስበታል። ከአንዱ ናሙና ብዙ ሲኒ የሚቀዳው አንዲት የተበላሸች ፍሬ ብትኖር የገባችበት ሲኒ እንዲያጋልጣት ነው። 4 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ቀማሹ አጎንብሶ፣ ላዩ ላይ የረጋውን በማንኪያ ገፋ አድርጎ ሽታውን ይስባል። ቀዝቀዝ ሲል በማንኪያ ጨልፎ፣ በቤታችን ነውር በሆነ ድምፅ፣ በኃይል ይምገዋል። ፈሳሹ ምላሱን ሁሉ የሚያዳርሰው፣ መዓዛውም ወደ አፍንጫው የሚወጣው እንዲህ ሲምገው ነው። ከዚያ ይተፋዋል።

በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ቡና፣ 60ው ለሲኒው ነው። የሲኒው ነጥብ ለንጽሕና፣ ለአሲዲቲ (ለቆምጣጣነቱ)፣ ለቦዲ (አፍ ላይ ለሚሰማው ክብደት) እና ለፍሌቨር (ለጣዕሙ) እያንዳንዳቸው 15 ሆኖ ይከፈላል።

የጅማ ቡና በዚህ ሚዛን ለረጅም ጊዜ ተጎድቷል። «ጅማ 5» የሚለው የንግድ ስም በዓለም ገበያ የርካሽ ቡና መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ጥፋቱ ግን የዛፉ አይደለም። ጥሬውና የበሰለው አንድ ላይ ሲለቀም፣ እሸቱ መሬት ላይ ሲሰጣና ሲሻግት ሲኒው አፈር አፈር ይላል። ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቀዩን ብቻ ለቅሞ ማጠብ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቷል።

ቀማሹ በአንድ ምገታ የአለቃቀሙንም የአደራረቁንም ታሪክ ያነባል። ገበሬው ጋ የሚደርሰው ግን ዋጋው ብቻ ነው። የየቡ ማኅበራት ከልጆቻቸው መካከል ቀማሽ ያሠልጥኑ፤ ገበሬውም ቡናውን ከመሸጡ በፊት የራሱን ሲኒ ይቅመስ።