«አንድም» ከጉባኤ ቤት ወደ መማሪያ ክፍል

አሜሪካዊው ፈላስፋ ማቲው ሊፕማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፍልስፍናን ወደ ሕፃናት ክፍል ሲያስገባ መንገዱ ቀላል ነበር፦ ልጆች ታሪክ ያነባሉ፣ ጥያቄ ያነሳሉ፣ ምክንያት እየሰጡ ይከራከራሉ። ይህ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖችም በአተረጓጎም ይለያያሉ። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ሰምና ወርቁን እንዲለይ ብቻ ሳይሆን የራሱን ቅኔ እንዲቆጥር ይጠይቀዋል።

እርግጥ ጉባኤው የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ተማሪውም እዚያ የሚደርሰው ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ነው። ስለዚህ «ልጅ መጀመሪያ ይወቅ፣ ኋላ ይጠይቅ» የሚል ክርክር ይነሳል። ነገር ግን ማስታወስና ማሰብ ጠላቶች አይደሉም። የደባርቅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ፍትሕ ማለት እኩል መካፈል ነው?» ቢባል፣ ሲያርስ የዋለው አባቱና ትንሽ እህቱ እኩል እንጀራ ይበቃቸው እንደሆነ ለማሰብ የቤቱ ማዕድ ይበቃዋል። «ታላቁን ይዳፈራል» ለሚሉም መልስ አለ፦ ምክንያት መስጠት የለመደ ልጅ የሌላውን ምክንያት መስማትም ይለምዳል። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መምህሩ ከመጀመሪያው መልስ በኋላ «አንድም?» ብሎ ቢጠይቅ ጅምሩ ይበቃል።