ሃልፋያ ላይ ታንኮቹን የመታቸው ማን ነበር?

ጁን 15 ቀን 1941 ማለዳ፣ በግብፅና በሊቢያ ድንበር አካባቢ፣ የእንግሊዝ 4ኛ ሮያል ታንክ ሬጅመንት አንድ ሻምበል ወደ ሃልፋያ በር ገሰገሰ። ስሙ ሬጅመንት ይባል እንጂ መጠኑ የአንድ ታንከኛ ሻለቃ ነው። ከፊት የተሰለፉት 12 ማቲልዳ ታንኮች ነበሩ። ከኋላ ሆኖ ሊሸፍናቸው የታሰበው መድፈኛ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢቀርም ታንኮቹ ሳይጠብቁት ቀጠሉ። ብዙም ሳይቆይ የሻምበሉ አዛዥ ታንኮቹ እየተበጣጠሱ መሆናቸውን በሬዲዮ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ከ12ቱ የተረፈው አንድ ማቲልዳ ብቻ ነው።

ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገው ማቲልዳ አይበሳም ተብሎ መታመኑ ነው። ይህ እምነት ደግሞ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም።

ከስድስት ወር በፊት፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1940፣ የእህት ሻለቃው የ7ኛ ሮያል ታንክ ሬጅመንት ማቲልዳዎች ኒቤይዋ የተባለውን የጣሊያን ምሽግ ፈንጂ ባልተቀበረበት በኩል ዞረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ደረሱበት። ከምሽጉ ውጭ የቆሙት የጣሊያን ታንኮች ሠራተኞቻቸው ሳይሳፈሩባቸው ተመቱ። የጣሊያን መድፈኞች ከመድፋቸው አልሸሹም፤ በቅርብ ርቀት ተኮሱ። ጥይታቸው ግን 78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የማቲልዳ የፊት ብረት መትቶ ይነጥር ነበር። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ እዚያው ወደቀ። ሲዲ ባራኒ በማግሥቱ ተያዘች፤ በጥቂት ቀናትም ከ38,000 በላይ ምርኮኛ ተሰበሰበ።

ከታንኮቹ ጋር የተዋጋው 4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ወዲያው ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ኤርትራ ዘመተ። ከ4ኛው ታንከኛ ሻለቃም አንድ ሻምበል አብሮ ተሰለፈ። ማርች 27 ቀን 1941 ከረን ስትወድቅ፣ የአስመራን መንገድ ከከፈቱት መካከል እነዚሁ ማቲልዳዎች ነበሩ። ስለዚህ የህንዱ ክፍለ ጦር ወታደሮች ከከረን ተመልሰው ሃልፋያ ሲደርሱ በማቲልዳ ላይ የነበራቸው እምነት ሙሉ ነበር።

የሃልፋያው ጥቃት አካል የነበረበት ዘመቻ ግን በሦስት ቀን ከሸፈ። እንግሊዞች 91 ታንክ ሲያጡ ጀርመኖች ያጡት 12 ብቻ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል የጦሩን አዛዥ ጄኔራል ዌቭልን አንስተው በጄኔራል ኦኪንሌክ ተኩ። ታንከኛው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ፤ የመታን ማን ነው?

ብዙዎች የሰጡት መልስ የጀርመን ታንክ ነው የሚል ነበር። ብረቱ ይበልጣል፣ መድፉ ይርቃል ተባለ። ማስረጃው እንዳይመረመር ደግሞ ጁን 17 ቀን እንግሊዞች ወደ ኋላ ሲሸሹ የጦር ሜዳው ለጀርመኖች ቀርቷል። የተበሳውን ታንክ ዞሮ ማየት፣ የቀዳዳውን ስፋት መለካት፣ ጥይቱ የመጣበትን አቅጣጫ ማወቅ የሚችለው ባላንጣቸው ብቻ ነበር። ፍለጋው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ።

መልሱ ያለው ሃልፋያ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የበሩ አዛዥ ቪልሄልም ባህ ከጦርነቱ በፊት ፓስተር የነበረ ሰው ነው። በእጁ ጥቂት ባለ 88 ሚሊ ሜትር መድፎች ነበሩት። እነዚህ የተሠሩት አውሮፕላን ለመምታት ነው፤ ሰማይ ላይ እንዲደርስ ታስቦ በከፍተኛ ፍጥነት የሚተኮሰው ጥይታቸው ወደ ምድር ሲዞር የማቲልዳን ብረት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ይበሳ ነበር። የመድፉ ቁመት ትልቅ በመሆኑ ሜዳ ላይ ቢቆም ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አፈሙዙ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነበር። በሌሎች ውጊያዎችም የጀርመን ታንኮች ያፈገፈጉ መስለው ተከታዩን እንዲህ ወደ ተደበቁ ፀረ-ታንክ መድፎች ይስቡት ነበር። ታንከኛው ዓይኑ ከታንኮቹ ላይ ስለሆነ የመቱት እነሱ ይመስሉታል።

ሌላው ጉድለት ማቲልዳው ውስጥ ነበር። ባለ 40 ሚሊ ሜትር መድፉ የሚተኩሰው ድፍን የብረት ጥይት ብቻ ነው። ድፍን ጥይት ታንክ ይበሳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ያለን መድፈኛ ለመምታት ግን ፈንድቶ በፍንጥርጣሪ የሚጎዳ ጥይት ያስፈልጋል። ያ ለታንከኛው አልታደለም። መትረየሱ የሚያዋጣበት ርቀት ላይ ለመድረስ ደግሞ በአሸዋ ላይ እያዘገመ የ88ቱን የተኩስ ክልል ማቋረጥ ነበረበት። ለዚህ ነው ከኋላው መድፈኛ የሌለው ማቲልዳ ሃልፋያ ላይ ምንም ማድረግ ያልቻለው።

ሃልፋያ በረሃብና በውኃ ጥም ጃንዋሪ 17 ቀን 1942 እጁን ሰጠ። ከሁለት ወር በኋላ ግብፅ ውስጥ በተማረኩ የጀርመን ታንኮች ላይ ሙከራ ሲደረግ፣ የተጨመረው የፊት ብረታቸው ገጹ በልዩ ዘዴ የጠነከረና የእንግሊዝን ድፍን ጥይት የሚሰባብር ሆኖ ተገኘ። ስለ ጀርመን ታንክ ይወራ የነበረው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም ማለት ነው። ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ ታንክ ፀረ-ታንክ መድፍን ብቻውን አይወጣውም፣ መድፈኛና እግረኛ አብረውት ሊሄዱ ይገባል። ሜይ 1942 ጋዛላ ላይ የአሜሪካው ግራንት ታንክ፣ በጥቅምቱ የኤል አላሜይን ውጊያም ከ250 በላይ ሸርማኖች ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ይዘው ሲመጡ ታንከኛው የሚፈነዳ ጥይት በእጁ ገባ፤ የተደበቀውን መድፈኛ ከሩቅ መምታት ቻለ።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ሁሉ አስቀድሞ መታየቱ ነው። ሜይ 21 ቀን 1940፣ ፈረንሳይ ውስጥ አራስ አጠገብ፣ እነዚሁ 4ኛውና 7ኛው ሻለቃዎች በኋላ የበረሃው የጀርመን ጦር አዛዥ የሆነውን የሮሜልን 7ኛ ፓንዘር ክፍለ ጦር አጥቅተው ነበር። የጀርመኖቹ ትንንሽ ፀረ-ታንክ መድፎች ማቲልዳን መብሳት ሲያቅታቸው፣ ጥቃቱን የገቱት ሌሎች መድፎችና ወደ ምድር የዞሩት እነዚያው ባለ 88ቶች ናቸው። ሮሜል አራስ ላይ የሠራለትን ዘዴ በረሃ ይዞት ሄደ። የሁለቱ የእንግሊዝ ሻለቃዎች አዛዦች ግን በዚያው ቀን ተገደሉ፤ ታንኮቹ ፈረንሳይ ቀሩ። ቀሪው ታንከኛ አዲስ ታንክ ተረክቦ ኒቤይዋ ላይ ጥይት ሲነጥር አየ፤ ያ ድል የአራስን ትምህርት ሸፈነው። ሽንፈቱን የሚመረምር በሌለበት ጦር፣ ድል ራሱ ክፉ አስተማሪ ይሆናል።