ጋሼ በእግሩ የሄደበት አገር

ባለፈው ሳምንት አንድ የዱራሜ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። "ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ክላውድ የሚባለው ነገር እውነት ሥራ ነው? ቤተሰቦቼ ደቡብ አፍሪካ እንድሄድ ብር እያዘጋጁ ነው።" በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለምና እዚህ እጽፈዋለሁ። ከሺንሺቾም፣ ከአንጋጫም፣ ከሾኔም ይህንኑ ጥያቄ በሆዱ ይዞ ዝም ያለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

እኔ ያደግሁት ከሆሳዕና ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፤ አባቴ እስካሁን የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ በሞያሌ ወጣ። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን አቆራርጦ ጆሐንስበርግ ገባ። ለደላላው የተከፈለው ሁለት በሬና አንድ ቁራሽ መሬት ተሸጦ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ድምፁን አልሰማንም። እ.ኤ.አ. ማርች 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ቦታ፣ በአንድ ኮንቴይነር ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ሲባል እናቴ፣ አማ የምላት፣ እንደ አዲስ አለቀሰች። ጋሼ በዚያን ጊዜ ሱቅ ከከፈተ ቆይቶ ነበር። የሱ መንገድ እንደነበረ ግን ታውቃለች።

ጋሼ ባይሄድ እኔ ላፕቶፕ አይኖረኝም ነበር፤ ስለዚህ የሄደን ሰው አልወቅስም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ደላላ ማስረጃ አለው። ሆሳዕና መሐል ቆሞ "ያ ፎቅ የማን ነው?" ብሎ በጣቱ መጠቆም ይችላል። ክላውድ ላይ የሚሠራ ሰው ምኑን ይጠቁማል? ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ነው የሚታየው። ቤተሰባችሁ ለጉዞው በሬ ሸጦ ለክላውድ ፈተና 100 ዶላር ሲባል "ለምን?" ቢል አትቀየሙት፤ ያላየውን ነገር ነው የጠየቃችሁት።

አማ ሥራዬን ስትጠይቀኝ "ኮምፒውተር" ማለት ሰለቸኝና በዊጆ አስረዳኋት። ለማያውቅ አንባቢ ላብራራ፦ የአንዲት ላም ወተት ለመናጥ አይበቃም፣ እስኪጠራቀምም ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጎረቤት ሴቶች ይሰባሰቡና ወተቱን በአንድ መለኪያ እየለኩ በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ተራ የደረሳት ሙሉ ቅል ትንጣለች፣ ለያሆዴ በዓል የሚሆን ቅቤ ታወጣለች። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው አልኳት። እያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው ማሽን ገዝቶ፣ ጄኔሬተር አቁሞ፣ ማቀዝቀዣ ገጥሞ ከሚደክም፣ ማሽኖቹ አንድ ቦታ ተከማችተው ሁሉም የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል፤ በወሰደው ልክ ይከፍላል። የሚለየው፣ ዊጆ ላይ ተራ ይጠበቃል፣ ክላውድ ላይ ግን በፈለጉት ሰዓት ይወስዳሉ፣ ሲበቃቸው ይመልሳሉ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለክላውድ በሰጠው ትርጓሜ አምስት ባሕርያት አስቀምጧል፤ በጋራ ማከማቸትና በልክ መስጠት ሁለቱ ናቸው። አማ ያን ሰነድ አላየችም። ወዲያው የጠየቀችኝ ግን "መለኪያውን ማን ነው የሚይዘው?" ብላ ነው።

ይህ ጥያቄ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ለልምምድ የከፈትኩት የክላውድ አካውንት የተመዘገበው በጋሼ የባንክ ካርድ ነበር፤ እኔ እጅ ላይ የሚሠራ ካርድ አልነበረም። አንድ ቀን ናት ጌትዌይ የሚባለውን አገልግሎት አስነስቼ ሳላጠፋው ተኛሁ፤ ረሳሁት። እሱ ብንጠቀምበትም ባንጠቀምበትም በሰዓት ይቆጥራል። በወሩ መጨረሻ ከ30 ዶላር በላይ ከጋሼ ሂሳብ ተቆረጠ። ሱቁ ውስጥ በሳንቲም የሚለቅመው ገንዘብ ነው። አልተቆጣኝም፤ "ተማርክበት?" ብቻ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳስተምር አካውንት እንደተከፈተ መጀመሪያ የማስደርገው የበጀት ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ከየት ይጀመር ለምትሉኝ፣ ከክላውድ አትጀምሩ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጭናችሁ ሊኑክስን ልመዱ፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት በሌለበት ሌሊትም ይሠራል። ቀጥሎ ኔትወርክ፦ አይፒ፣ ሳብኔት፣ ዲኤንኤስ፣ ፖርት። ብዙ ሰው እዚህ ይሰለቻል፣ ይዘለዋልም። በቃለ መጠይቅ የጠበቀኝ ግን ይኸው ነበር፤ "ዌብሳይቱ አልከፈት ብሏል፣ ምን ታደርጋለህ?" ስሙ ወደ አይፒ ተተርጉሟል? ማሽኑ ይደረስበታል? ፖርቱ ክፍት ነው? ፕሮግራሙ ተነስቷል? ሎጉስ ምን ይላል? በዚህ ቅደም ተከተል ማሰብ የለመደ ሰው የትኛውም አቅራቢ ጋ ቢሄድ አይጠፋበትም። ካርድ የሌለው በአማዞኑ ኤደብሊውኤስ ኤዱኬትና በማይክሮሶፍት ለርን በነፃ ይማር። የአማዞኑ የመጀመሪያ ፈተና፣ ክላውድ ፕራክቲሽነር፣ 65 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው፤ ማለፊያው ከ1000 700፣ ዋጋው 100 ዶላር። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ዋጋ በብር ሲመነዘር ያማል። ከቤት ሆኖ በካሜራ መፈተን ይቻላል። እኔ መብራቱን ስላላመንኩት ሌሊት ተነስቼ በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ ገብቼ ተፈተንኩ። በሦስት ወር ክላውድ ኢንጂነር ትሆናላችሁ የሚላችሁን አትመኑ። የመጀመሪያ ሥራዬ ፕሪንተር መጠገንና የይለፍ ቃል መቀየር ነበር፤ ወደ ሰርቨሩ ክፍል የገባሁት ከዚያ ነው። ዛሬ አገር ውስጥም በር አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድን ይሸጣል፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እነ ራክሲዮና ዊንጉ የዳታ ማዕከል አላቸው።

ከሁሉ የጎዳኝ የሚነግረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። ማስታወቂያ "3 ዓመት ልምድ" ሲል የተከለከልኩ ይመስለኝ ነበር። የተማረ አባት ያለው የክፍል ጓደኛዬ ያንኑ ማስታወቂያ አይቶ አመለከተ፤ ተጠራም። አባቱ "አንተ ላክ፣ እምቢ ማለት የነሱ ድርሻ ነው" ብሎት ነበር። እኔም ለእናንተ ይህንኑ እላለሁ፤ ላኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰዓት የሚከራየው የአማዞን ኮምፒውተር፣ ኢሲቱ፣ የተሠራው ኬፕታውን ነው። ክሪስ ፒንካም የሚባል መሐንዲስ ወደ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ሲመለስ ቡድኑን እዚያ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2006 ለሙከራ ተለቀቀ። በኋላም ማይክሮሶፍት በ2019 በጆሐንስበርግና በኬፕታውን፣ አማዞን በ2020 በኬፕታውን፣ ጉግል በ2024 በጆሐንስበርግ የክላውድ ማዕከላቸውን ከፈቱ። ልጆቻችን ጫካ ለጫካ የሚጓዙላቸው ከተሞች ናቸው። ዳታ ግን የግድ በሞያሌ አይሄድም፤ ኬብል በተዘረጋበት፣ ምናልባትም በጅቡቲ ባሕር ዞሮ ነው የሚደርሰው። በካርታ የቀረበ ሁሉ በኢንተርኔት አይቀርብም፤ ራሳችሁ ፒንግ አድርጋችሁ ለኩ።

አማን ያሳመናት ደመወዜ አይደለም። የሰፈራችን እድር መዝገብ ዝናብ ገብቶበት ግማሹ ጠፋ። ለጸሐፊው ትንሽ ገጽ ሠራሁለት፤ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ቁጥርና የይለፍ ቃል ገብቶ የራሱን መዋጮ ብቻ ያያል። ሰርቨሩን ኬፕታውን ላይ አስነሳሁት። አማ በእህቴ ስልክ የቤታችንን መዝገብ አስከፍታ አሥራ ሁለቱም ወር መከፈሉን በጣቷ እየቆጠረች አረጋገጠች። "ለወንድምሽም ላኪለት" አለቻት።

ጋሼ ማታ ከጆሐንስበርጉ ጄፒ ደወለ። የእድሩን ገጽ ከፍቶ እያየ ነበር።

"ይሄ ነገር የት ነው የተቀመጠው?"

"ኬፕታውን ነው፣ ጋሼ።"

ለአፍታ ዝም አለ። ከኋላው የደንበኛ ድምፅ ይሰማኛል።

"እንግዲያ እኔ ያለሁበት አገር ነዋ" አለ።