የስፒንድል ዝንፈት፦ ኩሽኔታውን ከማስቀየር በፊት

በ6 ሚሊ ሜትር ቢት የተቆፈረው ቦይ 6.1 ሆኖ ሲገኝ፣ የኤምዲኤፉ ጠርዝ ሲሻክር፣ አዲስ ቢት በጥቂት ሥራ ሲደንዝ፣ ብዙ ባለሙያ ቀድሞ የሚጠረጥረው ኩሽኔታውን ነው። ኩሽኔታ ማስቀየር ደግሞ ስፒንድሉን ማስፈታትና ሥራ ማቆም ነው። እኔ ግን በቅድሚያ የምጠረጥረው ቢቱን ጨብጦ የሚይዘው ኮሌት ውስጥ የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ ነው።

በእንጨት ሲኤንሲ ራውተር ላይ ቢቱን ይዞ የሚሽከረከረው ስፒንድል በደቂቃ እስከ 24,000፣ ማለትም በሰከንድ 400 ጊዜ ሊዞር ይችላል። የቢቱ መሃል ከመዞሪያው መሃል ጋር ካልገጠመ፣ ቢቱ ትንሽ ክብ እየሠራ ይዞራል። ዝንፈት ይህ ነው።

መጠኑ ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። ባለሁለት ስለት ቢት በ18,000 ዙር እየዞረ በደቂቃ 3,600 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፣ ለእያንዳንዱ ስለት 0.1 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ባለ መርፌው መለኪያ፣ ዳያል ጌጁ፣ 0.05 ዝንፈት ካሳየና ዝንፈቱ በስለቶቹ አቅጣጫ ከዋለ፣ አንዱ ስለት 0.15 ሲቆርጥ ለሌላው የሚተርፈው 0.05 ነው። ዝንፈቱ 0.1 ከገባ አንዱ የሁለቱን ሥራ ብቻውን ይሸከማል፤ ሌላው ሳይቆርጥ እንጨቱን እያሸ ይግላል።

ለመለካት መጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ መንቀል ነው፤ ስፒንድሉ የሚዞረው በእጅ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ኤምዲኤፍ ወይም አሉሚኒየም ከሆነ የዳያል ጌጁን ማግኔት ስለማይዝ፣ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ይታሰርበት። ኮሌቱን አውጥተን የጌጁን ጫፍ በስፒንድሉ አፍ ውስጥ ባለው ሾጣጣ ገጽ ላይ እናሳርፍና በቀስታ እናዞራለን። መርፌው እምብዛም ካልተንቀሳቀሰ የስፒንድሉ ዘንግ ደህና ነው።

ቀጥሎ ኮሌቱን መልሰን ተሞርዶ የተስተካከለ የብረት ዘንግ እናስራለን፤ የቢት ስለት ላይ መርፌው ስለሚዘል ንባቡ አይታመንም። አንዴ አፉ አጠገብ፣ አንዴ 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለን እንለካለን። ታች ሲወርድ ዝንፈቱ ከጨመረ ዘንጉ ዘንበል ብሏል፤ ኮሌቱ በአንድ ጎን ቆሻሻ ላይ ተቀምጦ ይሆናል።

ወሳኙ ፈተና ይኸውና። መርፌው ከፍ ያለበትን ቦታ ስፒንድሉም ዘንጉም ላይ በማርከር ምልክት እናድርግ። ዳዶውን አላልተን ኮሌቱን ከነዘንጉ ግማሽ ዙር አዙረን እንደገና እናጥብቅ። ከፍታው ከዘንጉ ምልክት ጋር ከሄደ ጥፋቱ የኮሌቱ ወይም የዘንጉ ነው፤ ዘንጉን ብቻውን በማዞር ይለያሉ። ከስፒንድሉ ምልክት ጋር ከቀረ ግን ጥፋቱ የስፒንድሉ ነው።

ያረጀ ኩሽኔታ በሌላ መንገድ ይጋለጣል። የመሃል መዛነፍ በየዙሩ ያው ቦታ ላይ ይደገማል፤ የኩሽኔታ ልቅነት ግን ንባቡን በየዙሩ ይለዋውጠዋል፣ ዘንጉን በእጅ ስንገፋውም መርፌው ይዘላል።

ኮሌት ሲጸዳ ስንጥቆቹ መካከል የተጋገረው ሙጫ መውጣት አለበት። ሲገጠም ደግሞ መጀመሪያ ዳዶው ውስጥ ቀጭ ብሎ ይግባ፣ ከዚያ ስፒንድሉ ላይ ይጥበቅ፤ ባዶ አፍ ላይ አስቀምጠው ዳዶውን ከላይ ቢያስሩት ጠሞ ይቀመጣል። ጸድቶም ካልተስተካከለ ኮሌቱ ይቀየር፤ ከኩሽኔታ በብዙ ይረክሳል።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ቦዩ አሁንም ከሰፋ፣ የሐዲዱና የቀበቶው ልቅነት ይታይ። ሰፊ ቢት ገጹ ላይ እርከን ከተወም ስፒንድሉ ለጠረጴዛው ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ይህን ዓይነቱን ጥፋት በእጅ የሚዞር ዘንግ ላይ ያረፈ መርፌ አያሳየውም።