ለደጋ አጥቢያዎች የሚሆን ሞተር ብስክሌት፦ በግዢ ጊዜ ምን እንመልከት?

ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ከ2,500 ሜትር ግድም ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የመጨረሻው መንገድ በዐለት መካከል የሚያልፍ ጠባብ መወጣጫ በመሆኑ እስከ ገዳሟ በር ሞተር አይደርስም። ሆኖም በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ዙሪያ ተበታትነው ያሉትን አጥቢያዎች፣ የጎለበቱ ምንጮችንና የችግኝ ጣቢያዎችን የሚከታተል ሠራተኛ ያለ ሞተር ብስክሌት ሥራውን ለማዳረስ ይቸገራል። ስለዚህም «የትኛው ስም ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤያት ደጋግሞ ይደርሰናል። ገንዘቡ የምእመናን አሥራትና ስእለት ነውና በጥንቃቄ ልንመልሰው ይገባል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ከፍታ ለማንም ስም አያዳላም። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ሲሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ በአሸተን ከፍታ ሲሶ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ጉልበት ይጎድላል ማለት ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ለቆላ እንደተለካ ከመጣ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱ «የተበላሸ ሞተር ሸጡልን» ብሎ ያማርራል፤ መድኃኒቱ ግን በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ክፍል ቀዳዳዋ በጠበበ መለወጥ ብቻ ነው።

በአሠራር ጥንካሬ የጃፓኖቹ ያማሃና ሆንዳ አሁንም ይቀድማሉ። ለእርሻ ሥራ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 100 ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበላውም፤ ከፊትም ከኋላም የጭነት መደርደሪያ አለው። ይሁን እንጂ ባለ ሁለት ምት በመሆኑ ዘይትን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል፤ የዘይቱን ጋን መሙላት የረሳ ሰው ሞተሩን ያጠፋዋል። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ሲጂ 125 ጥገና በማይዘወተርበት ስፍራ እንዲበረክት የታሰበ ነበር። የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር አብዝተው ቀድተውታል። ነገር ግን መልካቸው አንድ የሆነ ሁሉ ብረታቸው አንድ አይደለም፤ ኩሽኔታው፣ ራጂውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

የሕንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ በጥንካሬ ከጃፓኖቹ ዝቅ ይላሉ። ቢሆንም ባለ አራት ምት ናቸው፣ ቤንዚን ይቆጥባሉ፤ አሠራራቸውንም የየከተማው መካኒክ ያውቀዋል። የባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ መጠሪያ እስከ መሆን የደረሰው «ባጃጅ» የሚለው ስም፣ ምን ያህል መካኒክ እጁን እንዳፍታታበት ይመሰክራል።

ከዓመታት በፊት አንድ አጥቢያ በዋጋው ርካሽነት ተማርኮ የገዛውን ሞተር ብስክሌት እናስታውሳለን፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሁለተኛው ክረምት የፍሪሲዮኑ ሸራ አለቀ። በላሊበላ ተፈለገ፣ ጠፋ፤ በጋሸና በኩል ወልድያ ድረስ ሰው ተላከ፣ አልተገኘም። ሞተሩ በደብሩ ዕቃ ቤት ከጧፉ ጎን ቆሞ ከረመ። ሠራተኛውም ወደ እግር ጉዞ ስለተመለሰ ሩቆቹን የችግኝ ቦታዎች ሳያያቸው ዝናሙ ወጣ። ብረቱ ክፉ አልነበረም፤ የሁለት መቶ ግራም ዕቃ ነው ያቆመው።

ስለዚህ የራሱ መካኒክ ለሌለው አጥቢያ የምንመክረው፣ ጥንካሬው መካከለኛ ሆኖ መለዋወጫው በቅርብ የሚገኘውን ነው። ያማሃ ወይም ሆንዳ በስጦታ ሲቀርብ የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብሮ እንዲመጣ በአክብሮት መጠየቅ ነውር የለበትም። ባትሪ በብርድ ሲደክም በእግር የሚመታ ማስነሻ ያለው ይመረጥ። የተጣመመ ራጂ በከተማው ይቃናል፤ የተሰነጠቀ ድፍን ቸርኬ ግን ይጣላል።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ወደ ላሊበላና ወደ ወልድያ ሱቆች ሄደው የፍሪሲዮን ሸራ፣ ካቴናና የፍሬን ሸራ በዐይናቸው አይተው ዋጋውን ይጻፉ። ባለሱቁ «አስመጣላችኋለሁ» ካለ የለም ብላችሁ መዝግቡ። ሊብሬው በደብሩ ስም ይውጣ፤ የነጂው የራስ ቁር ዋጋም በዚያው የግዢ ጥያቄ ውስጥ ይካተት።